የሰፈሩን ውሃ ማን ያስተዳድረው? ለአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪዎች የንጽጽር መመሪያ

ውሃ ወደ ግል ይዛወር ወይስ በመንግሥት እጅ ይቆይ የሚለው ክርክር ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ለገጣፎ ጫፍ ላይ ለሚኖር ሰው ዘግይቶ የደረሰ ክርክር ነው። ፈረቃው ሳይመጣ ሲቀር ውሃ የሚሸጠው ባለ ቦቴው፣ ባለ ጋሪውና ጉድጓድ ያለው ጎረቤት ነው። ያለ ውል፣ ያለ ታሪፍ፣ ያለ ተቆጣጣሪ ውሃው በተግባር ወደ ግል ከዞረ ቆይቷል። ስለዚህ ነዋሪውን የሚጠቅሙት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ዋጋውን ማን ይወስናል? መክፈል ያቃተው ሰው ምን ይሆናል? ፓምፑ ሲቃጠል ማን ያወጣል? አሠራሩ ካልተስማማንስ መልሰን መውሰድ እንችላለን?

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለነዋሪ ኮሚቴዎች፣ ለዕድር ዳኞችና ለኮንዶሚኒየም ማኅበራት ነው። በተለይ “ጉድጓድ ቆፍሬ ቧንቧ ልዘርጋላችሁ፣ እናንተ ፈርሙልኝ” የሚል ባለሀብት ሲመጣ፣ ወይም ቦኖውን ለግለሰብ እናከራይ የሚል ሐሳብ በስብሰባ ሲነሳ ያገለግላል። የውጭ አገር ታሪክ ሲጠቀስ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉንም ዋጋ ወደ ሜትር ኩብ ቀይሩ

ባለ ቦቴ በጉዞ፣ ባለ ጋሪ በጀሪካን፣ የከተማው የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት በሜትር ኩብ ይሸጣሉ። በዚህ ምክንያት ሰው ርካሹንና ውዱን መለየት ይቸግረዋል። 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 50 ጊዜ፣ ባለ 25ቱን 40 ጊዜ ይሞላል። 10,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ 10 ሜትር ኩብ ይዟል። ለስሌት ያህል ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 5 ብር ቢሸጥ ሜትር ኩቡ 250 ብር ወጣ ማለት ነው፤ 10 ብር ቢሸጥ ደግሞ 500 ብር። በሰፈራችሁ ያለውን እውነተኛ ዋጋ በዚሁ መንገድ አስሉና በወር ቢላችሁ ላይ ካለው የሜትር ኩብ ዋጋ ጎን ጻፉት። ልዩነቱን በዓይኑ ሳያይ ማንም ሰው በስብሰባ እጁን ባያወጣ ይሻላል። በከተማው ውስጥ ከሁሉም ውድ የሆነውን ውሃ የሚገዛው በጀሪካን የሚገዛው ደሃ ነው።

መጠኑንም አረጋግጡ። “አሥር ሺህ” የተባለውን ቦቴ መጠኑ ወደሚታወቅ ሮቶ ስታስገለብጡ ባለ 5,000 ሊትሩን ሁለት ጊዜ መሙላት አለበት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ስለሚመዝን ጀሪካኑንም ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

ቀጥሎ የቤተሰቡን ፍላጎት አስሉ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መንግሥት ያስቀመጠው መለኪያ ለገጠር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ሲሆን፣ ለከተሞች እንደ ሕዝባቸው ብዛት ከ40 እስከ 100 ሊትር ነው። ዝቅተኛውን የከተማ መለኪያ ብንወስድ አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 6 ሜትር ኩብ ያስፈልገዋል፤ ይህም 300 ጀሪካን ነው። 5 ብር በሚሸጥበት ሰፈር 1,500 ብር ይሆናል። የውሃ ወጪ ከቤተሰብ ገቢ ከ3 እስከ 5 በመቶ መብለጥ የለበትም የሚለው በዓለም አቀፍ ተቋማት የሚሠራበት ልክ ነው። በቀን ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ ይህን ልክ ሳያልፍ 300 ጀሪካን መግዛት አይችልም። ስለዚህ መጠኑን ይቀንሳል፤ በቀን ከአሥር ጀሪካን ወደ ሦስት ይወርዳል። የሚቀረው የመጠጡና የወጡ ውሃ አይደለም። የሚቀረው የእጅ መታጠቢያው፣ የልጆች ልብስ ማጠቢያውና የመጸዳጃ ቤቱ ነው። አተት ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እንዲህ ያለውን ቤት ነው። ውሃ የሸጠው ሰው ይህን ወጪ በሒሳቡ ውስጥ አያገኘውም፤ የሚከፍለው ጤና ጣቢያውና እናትየው ናቸው።

“ናፍጣ ተወደደ” ሲባል እንዴት ይጣራል

1 ሜትር ኩብ ውሃ ከ200 ሜትር ጥልቀት ለማንሳት ፓምፑና ሞተሩ የሚያባክኑት ተጨምሮ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይበቃል። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ሲሆን አንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ለሜትር ኩቡ ሲሶ ሊትር ናፍጣ ይሄዳል፤ ለአንድ ጀሪካን ሲካፈል 7 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። በጄኔሬተር ሰበብ የጀሪካኑ ዋጋ በእጥፍ ሲጨምር ይህን ሒሳብ አቅርቡ። ቦቴው ግን እውነተኛ ወጪ አለበት። 10 ሜትር ኩብ ጭኖ 30 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ የሚሄድ መኪና በሊትር 2.5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 12 ሊትር ያቃጥላል። ለሜትር ኩብ 1.2 ሊትር ነው፤ በጄኔሬተር ከማውጣቱ አራት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ውሃውን የሚያስወድደው መጓጓዣው ስለሆነ ማንም ያስተዳድረው ማን ቧንቧ የሌለበት ሰፈር ርካሽ ውሃ አያገኝም።

አንደኛው አማራጭ፦ የውሃና ፍሳሽ ቆጣሪ በየቤቱ

ቧንቧው በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ይህ ከሌሎቹ ይበልጣል። ታሪፉ በእርከን የተሠራ በመሆኑ ጥቂት የሚጠቀም ዝቅ ያለ ዋጋ ይከፍላል፤ ውሃው ታክሞ ይመጣል፤ አቤት የሚባልበት ቢሮም አለ። ድክመቱ ዳርቻው ላይ ይብሳል። የለገዳዲ ግድብም ሆነ የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃውን ሲልኩ ዳገት ላይ ያለውና የመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰፈር የሚደርሰው የተረፈው ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር የጋራ ቆጣሪ ነው። አራት ተከራይ ያለበት ግቢ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እርከኑ ደሃውን መልሶ ይቀጣዋል። የመጀመሪያው እርከን እስከ 7 ሜትር ኩብ ነው ብንል፣ እያንዳንዱ ቤት 5 ሜትር ኩብ ቢጠቀም የግቢው ድምር 20 ይሆናል፤ 13ቱ በውድ እርከን ይታሰባል። ለየብቻ ቢሆኑ ሁሉም በርካሹ ያልቁ ነበር። በዚህ ላይ አከራዩ የራሱን ጨምሮ ሲያካፍል ተከራዩ ቢሉን እንኳ አያየውም። መፍትሔው ለየቤቱ ቆጣሪ መጠየቅ ነው። ካልተቻለ በየበሩ ንዑስ ቆጣሪ አስገጥሞ ዋናው ቢል ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይለጠፍ።

ፈረቃ ባለበት ሰፈር ቆጣሪው አየርም ይቆጥራል። ውሃ ሲቋረጥ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዝጉ፤ ሲመለስ ጥቂት ቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ግፊቱ ሲወርድ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል ቆሻሻ ስለሚገባ የመጀመሪያው ድፍርስ ውሃ ለመጠጥ አይቀዳ። ቆጣሪውን ለመፈተሽ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉና ንባቡን እዩ፤ 100 ሊትር መጨመር አለበት። 110 ካለ በጽሑፍ አመልክቱ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ላሉት የሚያስፈልገው ግፊት ምድር ቤት ላይ ሲለካ ቢያንስ 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) መሆን አለበት። ከዚያ በታች ሲሆን የታችኞቹ እየቀዱ የላይኞቹ ያለ ውሃ ያድራሉ፤ ጎረቤት የሚጣላውም በዚህ ነው። ሮቶና ፓምፕ በጋራ መግዛት ሁሉም ለየራሱ ከመስመሩ በፓምፕ ከሚስብ ይሻላል፤ ከመስመር በቀጥታ መሳብ የጎረቤትን ውሃ መውሰድ ነው።

ይዞታው ካርታ የሌለው ሰው ቆጣሪ ለማስገባት ይቸገራል። ስለ ግል አቅራቢዎች ፍትሐዊ ሆነን ስንናገር፣ ባለ ቦቴው ካርታ አይጠይቅም። የመንግሥቱ አገልግሎት በሩን በዘጋበት ሁሉ የግሉ ገበያ የሚገባው በዚያው በር ነው።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ውሃውን በጅምላ ገዝቶ ቦኖን በማኅበር ማስተዳደር

ቆጣሪ በየቤቱ ማስገባት ለጊዜው ካልተቻለ የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ማኅበሩ በአንድ ትልቅ ቆጣሪ ይቀበላል፣ በጀሪካን ይሸጣል፣ ትርፉን ለጥገና ያስቀምጣል። የሚሳካውም የሚወድቀውም በሁለት ነገር ነው፤ በወረፋውና በሒሳቡ።

ወረፋውን አስቀድማችሁ አስሉ። አንድ ቧንቧ ጀሪካን ከመሙላት እስከ መቀየር ሁለት ደቂቃ ከፈጀ በሰዓት 30 ጀሪካን ይሰጣል። አራት ቧንቧ ያለው ቦኖ በአራት ሰዓት ፈረቃ 480 ጀሪካን ያወጣል። 200 ቤት በቀን አምስት አምስት ከፈለገ 1,000 ጀሪካን ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባዶውን ይመለሳል። ፈረቃው ሌሊት የሚመጣ ከሆነ 10,000 ሊትር ሮቶ ከፍ ባለ ማማ ላይ ማድረግ 500 ጀሪካን ይጨምራል፤ ጉድለቱን ሊሸፍነው ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ደርሶ መልሱ ከወረፋው ጋር ከ30 ደቂቃ ያለፈን ውሃ መሠረታዊ አገልግሎት ብለው አይቆጥሩትም። ያንን ጊዜ የምታጣው ደግሞ በአብዛኛው ሴቷ ናት፤ ትምህርት ቤት የምታረፍደውም ልጅ ናት።

ሒሳቡን አንድ ቁጥር ይጠብቀዋል። በየማታው የዋናውን ቆጣሪ ንባብ ጻፉ። 12 ሜትር ኩብ ከሄደ 600 ጀሪካን ነው፤ ለሚያፈስሰውና ለሚደፋው 10 በመቶ ቀንሱለትና 540 በሉት። በሳጥኑ ያለው ገንዘብ ከ540 ጀሪካን ዋጋ ካነሰ ወይ ቧንቧው ያፈስሳል ወይ ገንዘቡ ይፈስሳል፤ በማግስቱ ይጣራ እንጂ ወር አይጠበቅ። መዝገቡን ገንዘብ የማይነካ ሰው ይያዝ። ቦኖ ቀጂዋን በደመወዝ ብቻ ሳይሆን ከሽያጩ በመቶኛም መክፈል ሰዓቱን ጠብቃ እንድትከፍት ያግዛል። ለቧንቧ ራሶች መቀየሪያ፣ ለሮቶና ለፓምፕ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በባንክ ይቀመጥ። ብዙ ማኅበራት የወደቁት በሌብነት ብቻ አይደለም፤ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ፓምፑ ሲቃጠል ባዶ እጃቸውን በመገኘታቸው ነው። ሌላው አደጋ የጅምላው ውሃ በከፍተኛ እርከን መታሰቡ ነው። የቦኖ ታሪፍ ለብቻው እንዲሆን በውሉ ላይ አስጽፉ።

ሦስተኛው አማራጭ፦ ባለ ጉድጓዱና ባለ ቦቴው

ፈጣን ነው፤ ለሠርግ፣ ለግንባታ፣ ለድንገተኛ ጊዜ አይተካም። ለዘላቂ አቅርቦት ግን ሦስት ወረቀት ሳታዩ አትስማሙ። አንደኛው የጉድጓዱ ፈቃድ ነው። በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ በማሽን ለተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ግን ያስፈልጋል። ይኸው አዋጅ ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ ጥቅም ይቀድማል ይላል። ጉድጓዱ በበጋ ሲቀንስ መጀመሪያ የመኪና እጥበቱ ይቁም ማለት የምትችሉት በዚህ ነው። ሁለተኛው የላቦራቶሪ ውጤት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በታች፣ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት። ናይትሬት ከፍ ማለቱ በአብዛኛው የጉድጓድ መጸዳጃ ቤቶች ቅርብ መሆናቸውን ያሳያል። በአቃቂ ወንዝ አካባቢ ፋብሪካና ቆዳ ፋብሪካ ስላለ ክሮሚየምም ይመርመር። ሦስተኛው ቦቴው ከዚህ በፊት ምን ይጭን እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ሲገለበጥም ቀሪው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም መገኘቱን በቀላል መመርመሪያ ማየት ይቻላል።

አራተኛው አማራጭ፦ በውል ለግል ድርጅት መስጠት

“ወደ ግል ማዛወር” የሚለው አንድ ቃል ብዙ የተለያዩ ውሎችን ይዟል፤ ማኅበራዊ ውጤታቸውም በጣም ይለያያል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ። በአገልግሎት ኮንትራት ድርጅቱ ቆጣሪ ያነባል፣ ቧንቧ ይጠግናል፣ በሠራው ልክ ይከፈለዋል፤ ዘመኑ አንድ ሁለት ዓመት ነው። በማኔጅመንት ኮንትራት ሥራውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይመራል፤ ቧንቧውም ዋጋውም የመንግሥት ወይም የማኅበሩ ነው። በኪራይ ውል ገንዘቡን ከደንበኛው ራሱ ይሰበስባል፣ አዲስ መስመር የመዘርጋቱ ግዴታ ግን የባለቤቱ ነው። በኮንሴሽን ከ20 እስከ 30 ዓመት መዋዕለ ነዋዩንም ገቢውንም ይይዛል። የመጨረሻው ሙሉ ሽያጭ ነው፤ እንግሊዝና ዌልስ በ1989 ያደረጉት ይህንን ነው። በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ ስላደረገ ማንም ባለሀብት ውሃውን የራሱ ማድረግ አይችልም። የሚሸጠው ማውጣቱን፣ ማከሙንና ማድረሱን ነው። ትልልቆቹ ውሎች በመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 በኩል ያልፋሉ፤ በሰፈር ደረጃ ከአንድ ባለ ጉድጓድ ጋር የሚፈረመው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው ይፈረማል። ጥንቃቄው የሚያስፈልገውም እዚያ ነው።

የሌሎች አገሮችን ታሪክ የምናነሳው ለእኛ ሰፈር የሚሆን ትምህርት ስላለው ብቻ ነው።

ለዳርቻ ሰፈር ከሁሉም የሚቀርበው የቦሊቪያዋ ኮቻባምባ ነው። በ1999 የከተማዋ ውሃ ለ40 ዓመት ለአንድ የውጭ ድርጅቶች ጥምረት ተሰጠ። ዋጋው ወዲያው ናረ፤ ሕዝቡን ይበልጥ ያስቆጣው ግን ብቸኛ አቅራቢ የመሆን መብቱ ነበር። በከተማዋ ዳር ያሉ ሰዎች በራሳቸው ገንዘብና ጉልበት የቆፈሯቸው ጉድጓዶችና የዘረጓቸው ቧንቧዎች ሳይቀሩ በዚያ መብት ሥር ሊገቡ ሆነ። በ2000 ዓመፅ ተነሳ፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ በጥይት ተገደለ፣ በሚያዝያ ውሉ ፈረሰ። ድርጅቱ ካሳ ጠይቆ ክሱን የተወው በ2006 ነው። የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ግን እምብዛም አይነገርም፤ ውሃው ወደ ሕዝብ እጅ ከተመለሰ በኋላም የደቡቡ ዳርቻ ድሆች ለብዙ ዓመታት ከቦቴ መግዛታቸውን አላቆሙም። ውል ማፍረስ ቧንቧ አይዘረጋም።

በአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ በ1993 ለ30 ዓመት የተሰጠው ኮንሴሽን ከአዲስ ደንበኛ ከባድ የመሠረተ ልማት ክፍያ ይጠይቅ ነበር። ክፍያው ያረፈው ቧንቧ በሌለው የከተማው ዳር ባለው ደሃ ላይ ነው። ሰዉ መክፈል ስላልቻለ በ1997 ውሉ ተሻሽሎ ወጪው በሁሉም ደንበኞች ቢል ላይ ተከፋፈለ። መስመሩ በደረሰበት የተገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው። በአርጀንቲና የተደረገና በ2005 የታተመ ጥናት ውሃቸው ወደ ግል በዞረ ማዘጋጃ ቤቶች የሕፃናት ሞት በአማካይ 8 በመቶ፣ በጣም ደሃ በሆኑት ደግሞ 26 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን የአርጀንቲና ፔሶ በ2002 ሲወድቅ በዶላር የተሰላው ታሪፍ የጠብ ምክንያት ሆነና በ2006 ውሉ ተቋረጠ። የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላም ውሃዋን በ1997 በኮንሴሽን ስትሰጥ የምዕራቡን ክፍል የያዘው ድርጅት ከመንግሥቱ የውሃ ተቋም አሮጌ የውጭ ዕዳ 90 በመቶውን ተረክቦ ነበር፤ የእስያ የገንዘብ ቀውስ የፊሊፒንሱን ፔሶ ሲጥለው ድርጅቱም ከሰረ። እኛም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን አይተናል። ፓምፑና ቆጣሪው ከውጭ የሚገቡ ስለሆነ “ዋጋው በዶላር ምንዛሪ ይስተካከላል” የሚል አንድ መስመር ያለበት ውል በዚያ ክረምት የጀሪካኑን ዋጋ እጥፍ ሊያደርገው ይችል ነበር።

የመንግሥት እጅ መሆኑ ብቻም ዋስትና አይሆንም። በደቡብ አፍሪካ ኩዋዙሉ ናታል በ2000 ነፃ የነበሩ ቦኖዎች ቅድመ ክፍያ ሲደረጉ መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ወደ ወንዝ ተመለሱ፤ ከተከተለው የኮሌራ ወረርሽኝ ከ100,000 በላይ ሰው ታመመ። ቆጣሪውን የተከለው የግል ኩባንያ አልነበረም፤ እንደ ነጋዴ ማሰብ የጀመረ የሕዝብ አስተዳደር ነው። በተቃራኒው የካምቦዲያ ዋና ከተማ የፕኖም ፔን የውሃ ባለሥልጣን ከመንግሥት እጅ ሳይወጣ በ1993 ገደማ 72 በመቶ የነበረውን የውሃ ብክነት ወደ 6 በመቶ አወረደ፣ ለድሆች የቆጣሪ ማስገቢያውን ደጎመ፣ 24 ሰዓት ውሃ አደረሰ። የታንዛኒያዋ ዳሬሰላም ደግሞ በ2003 ለግል ድርጅት ለአሥር ዓመት የሰጠችውን የውሃ ኪራይ ውል በ2005 ነጥቃለች።

ማን ይጎዳል?

ማንኛውም አማራጭ ሲቀርብ በመዝገብ ላይ የሰዎችን ዓይነት ጻፉና በእያንዳንዱ ፊት ምን እንደሚደርስበት ሙሉ። ተከራይ፣ ካርታ የሌለው፣ ዳገት ላይ ያለ፣ አካል ጉዳተኛና አረጋዊ፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት፣ መሬቱን ለከተማው ለቆ ከብቶቹን ያስቀረ አርሶ አደር፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ ቦኖ ቀጂዋ፣ በአህያ ጋሪ የሚያድር ወጣት። የግል ድርጅት በጠፍጣፋው ቦታ ያሉትን፣ ቤታቸው የተቀራረበና ክፍያቸው የማያንገራግረውን መርጦ ዳገቱን ይተዋል። ክፋት ስላለበት አይደለም፤ ለአንድ ቤት የሚያወጣው የቧንቧ ርዝመት ስለሚበዛበት ነው። በገንዘብ ያልተካሰ ነገር ማንም በፈቃዱ አያደርግም፤ ስለዚህ ዳገቱ በውሉ ውስጥ በቁጥር መግባት አለበት። ጋሪ ነጂዎቹንም አትርሱ። ቦኖ ሲከፈት እንጀራቸው ይነጠቃል፤ የቀጂነቱና የጥገናው ሥራ ለእነሱ ቅድሚያ ቢሰጥ የተቆረጠ ቧንቧና የተሰበረ መዝጊያ ይቀንሳል።

በውሉ ውስጥ የማይቀሩ ነጥቦች

ዘመኑ መጀመሪያ ከሁለት ዓመት አይብለጥ፤ መልካም ከሠራ ይታደሳል። ብቸኛ አቅራቢ የሚል ቃል አይግባ፤ ነባር የሰፈር ጉድጓዶችና የግቢ ምንጮች በስም ተዘርዝረው ከውሉ ውጭ ይሁኑ። ዋጋው በሜትር ኩብም በጀሪካንም ይጻፍ። የሚስተካከለው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመብራት ታሪፍና በናፍጣ ዋጋ ለውጥ ልክ ብቻ፣ ከላይ ባለው ስሌት ተረጋግጦ ይሁን። የምንዛሪ ለውጥ ብቻውን ምክንያት አይሁን።

ማቋረጥን በሚመለከት ብዙ ቃል አውጡበት። እንግሊዝ እንኳ ሙሉ ሽያጭ ካደረገች ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1999 በወጣ ሕግ ባልተከፈለ ቢል ምክንያት የመኖሪያ ቤትን ውሃ መቁረጥ ከልክላለች። እኛ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ 30 ቀን ቀድሞ እንዲሰጥ፣ ዕዳው በክፍያ እንዲከፋፈል፣ ጨርሶ ያልቻለ ሰው በቀን ለአንድ ሰው አንድ ጀሪካን ከቦኖው እንዳይከለከል እንጠይቃለን። የዚህ ወጪ ከሽያጩ ጥቂት በመቶ ተቆርጦ በዕድሩ በኩል ሊሸፈን ይችላል። የቆጣሪ ማስገቢያ ክፍያ በ12 ወይም 24 ወር ይከፋፈል።

የብክነቱ ወጪ የማን እንደሆነ በቁጥር ይቀመጥ። የጉድጓዱ ቆጣሪ 1,000 ሜትር ኩብ አንብቦ የደንበኞች ድምር 650 ከሆነ 35 በመቶ ጠፍቷል። ከ20 በመቶ በላይ ያለው ኪሳራ የድርጅቱ ይሁን፤ ያኔ የሚያፈስሰውን ቧንቧ ፈልጎ ይጠግናል። ዳገቱ ላይ ስንት ቤት፣ በየትኛው ወር እንደሚደርሰው ይጻፍ። ያልደረሰ እንደሆነ በየቀኑ የሚቆረጠው ገንዘብ ታውቆ በባንክ ዋስትና ይያዝ። ውሃው በየሦስት ወሩ በገለልተኛ ላቦራቶሪ ተመርምሮ ውጤቱ ቦኖው ላይ ይለጠፍ። ውሉ ሲያበቃ ጉድጓዱ፣ ፓምፑ፣ ቧንቧውና የደንበኞች መዝገብ ለማን እንደሚቀርና በስንት እንደሚገመት ዛሬውኑ ይወሰን። ይህ ካልተጻፈ ድርጅቱን ማሰናበት አትችሉም፤ የጉድጓዱ በር ቁልፍ በእሱ ኪስ ነውና።

ለየትኛው ሰፈር የትኛው?

ዋናው መስመር በቅርብ የሚያልፍበትና ይዞታው የተረጋገጠ ሰፈር ጉልበቱን ሁሉ በየቤቱ ቆጣሪ ላይ ያውል፤ የጋራ ደጅ ጥናቱ አድካሚ ቢሆንም ከሃያ ዓመት ውል ያነሰ ዋጋ ያስከፍላል። ካርታ የሌላቸው ቤቶች የሚበዙበት ሰፈር የጅምላ ቆጣሪና የማኅበር ቦኖ ይጠይቅ፤ ሒሳብና ጥገና ካስቸገረው ይህንኑ ሥራ ብቻ ለአንድ ድርጅት በአገልግሎት ኮንትራት ይስጥ። መስመሩ ለዓመታት የማይደርስበት፣ በአዲስ አበባና በሸገር ከተማ ወሰን ላይ ያለ ሰፈር አስቀድሞ በየትኛው አስተዳደር ሥር መሆኑን በደብዳቤ ያስረግጥ። ከዚያ ከባለ ጉድጓድ ጋር መዋዋል ካለበት ውሉ ዋናው መስመር በደረሰ ቀን የሚያበቃ ይሁን። ኮንሴሽን ለሰፈር ኮሚቴ የሚሆን ወረቀት አይደለም፤ የሚደራደረው የሕግና የሒሳብ ባለሙያ ያለው አስተዳደር ብቻ ነው።

ከመፈረም በፊት ረቂቁ በአማርኛና ሰፈሩ በሚናገረው ቋንቋ በጠቅላላ ስብሰባ ይነበብ፤ ሥራ ላይ የሚውሉ ተከራዮችም እንዲገኙ እሑድ ይሁን። ቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሞዎችም ይመዝገቡ። አንድ ቅጂ ለወረዳው፣ አንድ ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ፣ አንድ ለዕድሩ ይሰጥ፤ የዋጋውና የማቋረጡ ገጽ ደግሞ ተባዝቶ ቦኖው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።